ባጃጁ ሳይወሰድ
(በፎንቆ ለጎልማሶች የማንበቢያ ክፍል የተደረገ ንግግር)



እኛ ከዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት ተመድበን ፎንቆ ከገባን ሦስት ወር ሊሞላን ነው። በእነዚህ ወራት እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል። ስማችሁን መጻፍ፣ ቁጥር መደመርና መቀነስ ችላችኋል። ዛሬ ፊደል አናስቆጥርም። ፊደል የቆጠረ ሰው በፊደሉ ምን ሊያድንበት እንደሚችል እንነጋገራለን። ነገሩም የባጃጅ ነገር ነው።

«ባጃጅና ፊደል ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። እስቲ አንድ ነገር እናውጋችሁ።

ባለፈው ወር አንድ ምሽት ትምህርት ሲያልቅ አንድ አባት ከክፍል ሳይወጡ ቀሩ። ሰው ሁሉ እስኪሄድ ጠበቁ። ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ልጆቼ፣ ይህን አንብቡልኝ። ለጎረቤት እንዳላሳየው አፈርኩ» አሉን።

አነበብነው። ከአበዳሪው የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነበር። ልጃቸው በብድር በገዛው ባጃጅ ላይ የሦስት ወር ክፍያ አልተከፈለም። በ30 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ መያዣው በሐራጅ ይሸጣል ይላል። ቀኑን ቆጠርን። ወረቀቱ ከመጣ 19 ቀን አልፎታል። 19 ቀን ሙሉ በቤቱ ምሰሶና በጣሪያው ሣር መካከል ተሸጉጦ ነበር። የቀራቸው 11 ቀን ብቻ ነው።

አባትየው የልጃቸው ዋስ ናቸው። የፈረሙትም በአውራ ጣታቸው ነው። «ልጄ ፈርምልኝ አለኝ፤ ፈረምኩለት። ምን እንደተጻፈ ማን ያውቃል?» አሉን።

የእኚህ አባት ጉዳይ የት እንደደረሰ በመጨረሻ እንነግራችኋለን። አስቀድመን ግን ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ብድር ያለበት ባጃጅ የማን ነው?

ከፎንቆ ሆሳዕና፣ ከሆሳዕና ወደየቀበሌው ሰው የሚያመላልስ ባጃጅ ብዙ ነው። ባጃጅ ለአንድ ወጣት ሥራ ነው። ለታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መድረሻ ነው። አንዳንዱ ወጣት ባጃጁን የሚገዛው ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድሙ በላከለት ገንዘብ ነው። ሌላው ግን የሚገዛው በብድር ነው። ብድር በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ሠርቶ ለመክፈል የተበደረና የከፈለ ብዙ ሰው አለ።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በብድር የተገዛ ባጃጅ ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ መያዣ ነው። ልጁ ይነዳዋል፤ ግን እንደፈለገ ሊሸጠው አይችልም። ክፍያው ከቆመ አበዳሪው በሕግ መንገድ ሊወስደው ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል? አዋጅ ቁጥር 97/1990 የሚባል አለ። ባንክ በውሉ ላይ ስምምነት ካለው መያዣውን ፍርድ ቤት ሳይከስ በሐራጅ መሸጥ እንዲችል ፈቅዶለታል። ከመሸጡ በፊት ግን ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ኋላም በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1147 ወጣ። በዚህ አዋጅ ተሽከርካሪ ብቻ ሳይሆን ከብትም ሰብልም መያዣ ሊሆን ይችላል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ወጣ። በሕገ መንግሥታችን መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ይህ አዋጅ ግን ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ለብድር መያዣ እንዲያደርግ ፈቅዷል።

እንግዲህ ተመልከቱ። ባጃጁ ቢገለበጥ፣ ሞተሩ ቢቃጠል፣ ገበያው ቢጠፋ፣ መያዣ የሆነው ላሙ ወይም መሬቱ ከሆነ የሚነካው ጓዳችሁ ነው። ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ለባጃጅ ባጃጁ ራሱ መያዣ ይሁን። ቤተ ሰብ የሚበላበትን መሬት ለባጃጅ አታስይዙ።

ከመፈረም በፊት

አበው «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» ይላሉ። ብድርም እንዲሁ ነው። ለመፈረም አንድ ደቂቃ ይበቃል። ለመክፈል ዓመታት ይፈጃል።

ውሉ የሚጻፈው በአማርኛ ነው። የእናንተ የቤት ቋንቋ ሀዲይኛ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር አንዱ ሀዲይኛ ነበር። ሰው በሚገባው ቋንቋ ሲማር ቶሎ ይገባዋል። ስለዚህ ውሉን በሀዲይኛ አስረዱኝ ብላችሁ ጠይቁ። አትፈሩ፤ አትፈሩበትም። ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ ለማንበብም ጠይቁ።

ስታነቡ እነዚህን ፈልጉ።

አንደኛ፦ የብድሩ ጠቅላላ ገንዘብ ስንት ነው? በእጅ የተቀበላችሁት ብርና በወረቀቱ ላይ ያለው ብር አንድ ነው?

ሁለተኛ፦ ወለዱ እንዴት ይሰላል? ይህን በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው 100,000 ብር በዓመት በ100 ብር 15 ብር ወለድ ተበደረ እንበል። የሚከፍለው በሁለት ዓመት ነው። ወለዱ ሁልጊዜ በመጀመሪያው 100,000 ብር ላይ ከታሰበ በሁለት ዓመት 30,000 ብር ይሆናል። ወለዱ የሚታሰበው በቀረው ዕዳ ላይ ከሆነና ዋናው ገንዘብ በየወሩ እኩል ከተከፈለ ግን ጠቅላላ ወለዱ 15,625 ብር ነው። ሁለቱም «አሥራ አምስት» ይባላሉ። ልዩነታቸው ግን 14,375 ብር ነው። ስለዚህ «ወለዱ ስንት ነው?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «በሁሉም ላይ ነው ወይስ በቀሪው ላይ?» በሉ።

ሦስተኛ፦ ክፍያ ሲዘገይ ቅጣቱ ስንት ነው?

አራተኛ፦ መያዣው ምን ምን ነው? ባጃጁ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ተጽፏል?

አምስተኛ፦ መድኑ ምን ይሸፍናል? የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው። ነገር ግን ባጃጁ የጎዳውን ሰው ይክሳል እንጂ የባጃጁን ስብራት አይጠግንም። ባጃጁ ገደል ቢገባ ዕዳው አብሮት አይገባም።

ስለ ጣት አሻራም አንድ ቃል እንጨምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ማንበብ የማይችል ሰው የጣት አሻራ በውል አዋዋይ ወይም በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ሕጉ ይህን ያለው ያልተማረው ሰው እንዳይታለል ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ተማምኖ መፈረም ሞኝነት ነው። ከሁሉም የሚሻለው ጠባቂ የራስ ዓይን ነው።

ደብተር ያዙ

እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል። እኛም እንታገሠዋለን። የዕዳ ቀን ግን በየወሩ ይደርሳል፤ አይታገሥም። ስለዚህ በየቀኑ መቁጠር ያስፈልጋል።

ልጃችሁ ማታ ሲገባ ደብተር አውጡ። እሱ ይናገር፤ እናንተ ጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ እንበል።

የቀኑ ገቢ ................ 1,000 ብር
ለቤንዚን ................ 400 ብር
ለምግብ ................. 100 ብር
ለጎማ፣ ለዘይትና ለጥገና የሚቀመጥ ... 150 ብር
የተረፈ ................. 350 ብር

በወር 25 ቀን ከሠራ የሚተርፈው 8,750 ብር ነው። ከላይ ያየነው ሰው ወለዱ በሁሉም ላይ የሚታሰብበት ቢሆን በየወሩ 5,417 ብር ገደማ ይከፍላል። ለቤት 3,333 ብር ይቀራል። ደህና ነው።

ክረምት ሲገባስ? ሐምሌና ነሐሴ የየቀበሌው መንገድ ጭቃ ነው። ልጁ የሚሠራው 15 ቀን ብቻ ቢሆን የሚተርፈው 5,250 ብር ነው። ለክፍያው እንኳ 167 ብር ጎደለ። ለቤት ደግሞ ምንም የለም። አያችሁ? ባጃጁ የሚወሰደው ልጁ ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ክፍያው የተሰላው በበጋ ገቢ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ስትዋዋሉ ክፍያውን በጥሩው ወር ሳይሆን በመጥፎው ወር ለኩት። በክረምት ዝቅ ብሎ እህል በሚሸጥበት በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ከፍ የሚል አከፋፈል ካለም ጠይቁ። ከውል በፊት መጠየቅ ነውር የለበትም።

የጥገናዋን 150 ብር አትንኳት። መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ እንደጨመረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጥገና የሌለው ባጃጅ ይቆማል። ባጃጅ ሲቆም ክፍያ አይቆምም።

መንግሥትም ሊያስቆመው ይችላል። በ2015 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ባጃጆች ሥራ እንዲያቆሙ ታዘዙ። ቆይቶ በቁጥጥር እንዲመለሱ ተደረገ። በዚያ መካከል ግን ብድር ያለበት ሰው የወር ክፍያው ቀን ይቆጥርበት ነበር። ስለዚህ ቢያንስ የአንድ ወር ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ። በዕቁብም ቢሆን ይሰብሰብ።

በብድር ላይ ብድር

ባጃጅ የመጣው ከሕንድ ነው። ከዚያው ከሕንድ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። አንድራ ፕራዴሽ በሚባል ክፍለ ሀገር ብዙ ድሆች ከአንዱ ተበድረው የሌላውን መክፈል ጀመሩ። ሦስትና አራት አበዳሪ ያለበት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ነገሩ ፈነዳ። ብዙ ቤተ ሰብ ተጨነቀ፤ መንግሥትም ጣልቃ ገባ።

በእኛም አገር ክፍያ ሲያጥረው ወደ አራጣ አበዳሪ የሚሮጥ አለ። አራጣ በወንጀል ሕጋችን የተከለከለ ነው። ጉድጓድን በጉድጓድ መድፈን አይቻልም።

ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድምንም ተስፋ አድርጎ መበደር አደገኛ ነው። እሱም ሱቁ ሊዘረፍ፣ ሊታመም ይችላል። ከላከ እሰየው! ተቀማጭ ይሁን። ክፍያው ግን ባጃጁ ከሚያስገባው ላይ ይሁን።

ችግር ሲመጣ አትደበቁ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ዕዳም በሽታ ነው። ብዙ ሰው ክፍያ ሲያመልጠው ስልኩን ይዘጋል። መንገድ ይቀይራል። አንድ ወጣት እናውቃለን። ባጃጁን ሌላ ወረዳ ዘመድ ቤት ወስዶ ደበቀው። ባጃጁ ቆመ፤ ገቢ ቀረ። ቅጣቱ ግን በየወሩ ጨመረ። በመጨረሻ ባጃጁ ተገኝቶ በሐራጅ ተሸጠ። ዋጋው ዕዳውን አልሸፈነም። የጎደለውን ከዋሶቹ ጠየቁ። ይህን ልብ በሉ። ሐራጁ ከዕዳው በላይ ካወጣ ትርፉ የተበዳሪው ነው። ካነሰ ግን የጎደለው ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ባጃጁ ስለተወሰደ ብቻ ዕዳው አያልቅም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፦ የክፍያው ቀን ሳይደርስ ወደ አበዳሪው ሂዱ። «በዚህ ወር ይህን ያህል ይጎድለናል፤ ምክንያቱም ይህ ነው» በሉ። ደብተሩንና ደረሰኙን ሁሉ ያዙ። ለከፈላችሁት ሁሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል።

ሁለተኛ፦ ጊዜው እንዲራዘም ጠይቁ። ግን ዋጋውን እወቁ። 60,000 ብር ዋና ዕዳ ቀርቷል እንበል። ወለዱ በቀሪው ላይ በ100 ብር 15 ብር ነው። በ12 ወር ከተከፈለ የመጀመሪያው ወር ክፍያ 5,750 ብር ነው። በ24 ወር ከሆነ 3,250 ብር ይሆናል። ቀለለ። ጠቅላላ ወለዱ ግን ከ4,875 ብር ወደ 9,375 ብር ያድጋል። ትንፋሽ ይሰጣል፤ በነፃ ግን አይደለም።

ሦስተኛ፦ መክፈል በፍጹም ካልተቻለ ከሐራጅ በፊት በአበዳሪው ፈቃድ ራሳችሁ ሽጡ። ገዢ ፈልጋችሁ፣ ተከራክራችሁ የምትሸጡት ብዙ ጊዜ ከሐራጅ ይሻላል። በድብቅ ግን አትሽጡ። ሊብሬው በመያዣ ላይ ስለሆነ ሽያጩ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

አራተኛ፦ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ በዚያው ቀን አንብቡት። የተጻፈበትን ቀን፣ የተጠየቀውን ብርና የመጨረሻውን ቀን በደብተር ጻፉ። ሂሳቡ ከደረሰኛችሁ ጋር ካልተስማማ በጽሑፍ አመልክቱ። የወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤትንም ጠይቁ።

ዋስ ለምትሆኑ

እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ባጃጅ የላችሁም። ዋስ ግን ሆናችሁ ታውቃላችሁ። ለልጅ፣ ለወንድም፣ ለጎረቤት እንቢ ማለት ይከብዳል። በቡድን ዋስትና መበደርንም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ኦሞ ባንክ የሆነው ተቋም በአነስተኛ ብድርነቱ ዘመን ለገበሬው በዚህ መንገድ ሲያበድር ኖሯል።

ዋስ ስትሆኑ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንዱ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ነው። ይህ ቃል ካለ አበዳሪው ተበዳሪውን ትቶ በቀጥታ እናንተን ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛው የገንዘቡ ልክ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሆነ ካልተጻፈ አይጸናም። ስለዚህ «እስከ ስንት ብር ነው የምዋሰው?» ብላችሁ በጽሑፍ አስገቡ። ልጁ በየወሩ ደረሰኙን እንዲያሳያችሁም አስምሉት። ዋስ መቆጣጠር መብቱ ነው።

የአባትየው ጉዳይ

አሁን ወደ እኚያ አባት እንመለስ።

በማግስቱ ልጁን ጠራነው። መጀመሪያ ተቆጣ። ኋላ አለቀሰ። በክረምቱ መካከል ሞተሩ ተበላሽቶበት ኖሯል። የዕቃው ዋጋ ከበደው። ለአባቱ መናገር አፍሮ ዝም አለ። አባትየውም ወረቀቱን ለልጃቸው ማሳየት አፍረው ዝም አሉ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው አንዱን ዕዳ ለየብቻው ደበቀው!

አባት፣ እናት፣ ልጅና ሁለት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እናትየው «ላሟ አትነካም፤ ወይፈኑ ይሸጥ» አሉ። ወይፈኑ ተሸጠ። የዕቁብ ባልደረቦቻቸው ተራቸውን ለቀቁላቸው። ሞተሩ ተጠገነ። አምስት ቀን ሲቀር ወደ አበዳሪው ሄዱ። የሁለት ወሩን ከፈሉ። የቀረው ዕዳ በአንድ ዓመት እንዲራዘም ጠየቁ። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ ተፈቀደላቸው።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አንልም። ቅጣቱን ከፍለዋል። ወለዱ ጨምሯል። ወይፈኑም አልተመለሰም። ያንን ወረቀት በመጣበት ቀን ቢያነቡት ኖሮ ወይፈኑ ምናልባት ዛሬም ደጃቸው ላይ ይታሰር ነበር።

ነገር ግን አንድ ነገር አይተን መጣን። አዲሱ ውል ሲቀርብ ጸሐፊው እንደ ልማዱ የቀለሙን ሳጥን ወደ አባትየው ገፋ አደረገ። እሳቸው ሳጥኑን መለሱት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ ማንበብ ጀመሩ። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ማንም አላስቸኮላቸውም። አንድ ቦታ ላይ ቆመው «ይህ በአንድነትና በነጠላ የሚለው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ተነገራቸው። «ከዚህ በላይ የማልከፍለው ብር ይጻፍልኝ» አሉ። ተጻፈላቸው። ከዚያ እስክሪብቶ ተቀብለው ስማቸውን ጻፉ።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች! እኛ ጥቂት ጊዜ ቆይተን እንሄዳለን። ፊደሉ ግን ከእናንተ ጋር ይቀራል። በጣሪያ ሣር ውስጥ የተሸጎጠ ወረቀት ያለው ሰው ካለ ዛሬ ማታ ያውጣውና ያንብበው። ያልገባው ቃል ካለ ነገ ይዞት ይምጣ። አብረን እናነበዋለን።



አዳዲስ ቃላት

መያዣ፦ ዕዳ ካልተከፈለ አበዳሪው እንዲሸጠው በውል የተሰጠ ንብረት።
ዋስ፦ ተበዳሪው ካልከፈለ እከፍላለሁ ብሎ የፈረመ ሰው።
ሐራጅ፦ ዋጋ ለጨመረ ሰው የሚሸጥበት የአደባባይ ሽያጭ።
ሊብሬ፦ የተሽከርካሪ ባለቤትነት ደብተር።
አራጣ፦ ከሕግ ውጭ በከባድ ወለድ የሚሰጥ ብድር።

ጥያቄዎች

1. አባትየው ማስጠንቀቂያውን ስንት ቀን ደበቁት? ለምን?
2. «ወለዱ በሁሉም ላይ» እና «ወለዱ በቀሪው ላይ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?
3. በወር 20 ቀን የሠራ ባለ ባጃጅ በቀን 350 ብር ቢተርፈው በወር ስንት ብር ይተርፈዋል? 5,417 ብር ሲከፍል ለቤት ስንት ይቀረዋል?
4. በቤታችሁ ያለ አንድ ውል ወይም ደረሰኝ አምጡና ቀኑንና የብሩን ልክ ለክፍሉ አንብቡ።